መቶ ሜትር መሮጥ ለምትፈልጉ የመሀል አዲስ አበባ ልጆች፦ ከጊና ሉከንኬምፐር የተማርነው

ባለፈው ዓመት የእህቴ ልጅ "ሯጭ መሆን እፈልጋለሁ" አለችኝ፣ 14 ዓመቷ ነው፣ ጎላ ሰፈር ነው ያደገችው። እኔም እንደማንኛውም አዲስ አበቤ ሩጫ ሲባል ቶሎ ሚመጡልኝ ደራርቱና ቀነኒሳ ስለሆኑ ሌሊት 11 ሰዓት ተኩል ቀስቅሼ መስቀል አደባባይ ይዣት ወጣሁ፣ ደረጃው ላይ ወዲያ ወዲህ አንድ ሰዓት ሙሉ አመላለስኳት፣ በነጋታውም እንደዛው፣ በሳምንቱ ቁጭ ብላ "ጋሼ፣ እኔ'ኮ ያልኩት መቶ ሜትር ነው" አለችኝ። ሳቅኩ። የሀበሻ ልጅ መቶ ሜትር? አልኩ በሆዴ። እሷ ስልኳን አውጥታ አንድ ቪዲዮ አሳየችኝ፣ በፈረንጅ 2022 (ከዚ በኋላ ምጠራቸው ዓመቶችም በፈረንጅ ናቸው) ሙኒክ ላይ የተካሄደው የአውሮፓ ሻምፒዮና የሴቶች መቶ ሜትር ፍጻሜ። ጊና ሉከንኬምፐር ምትባል ጀርመናዊት መስመሩ ጋ ስትደርስ ደረቷን ወረወረችው፣ ሚዛኗን ስታ መሙ ላይ ተዘረጋች፣ የገዛ ጫማዋ ሚስማር ጉልበቷን ቀደደው። 10.99። ሁለተኛ የወጣችው የስዊዘርላንዷ ሙጂንጋ ካምቡንጂም 10.99፣ በሺኛ ሰከንድ ነው የተለያዩት። ወርቋን ወስዳ ሆስፒታል ሄደች፣ ስምንት ስፌት ተሰፋች፣ ከዛ በቀናት ውስጥ ያንኑ ጉልበት ይዛ መጥታ 4 በ100 ዱላ ቅብብል ሮጠች፣ እሱንም ወርቅ።

ከዛ ቀን ጀምሮ ሁለታችንም ስንማር ከረምን። እኔ አሰልጣኝ አይደለሁም፣ ቀድሜ ልናገር፣ ግን ምን ምን እንደተሳሳትን አውቃለሁ፣ ስለዚ ልጃችሁን ወይ እህታችሁን ወይ ራሳችሁን አጭር ርቀት ልታስጀምሩ ካሰባችሁ ይቺን አንብቡ።

መጀመሪያ ረጅሙን ሩጫ ከጭንቅላታችሁ አውጡት። እኛ ሀገር "ተለማመድኩ" ሚባለው ላብ በላብ ሆኖ፣ ትንፋሽ ቁርጥ ቁርጥ ብሎ፣ እግር እየተጎተተ ቤት ሲገባ ነው። የኛ ልጅ መጀመሪያ የገባችበት ቡድን አሰልጣኝም ያው ነበር፣ "አጭር ርቀትም ቢሆን መሰረቱ ትንፋሽ ነው" ብሎ ስምንት ዙር ካስሮጣት በኋላ በደከመ እግሯ 60 ሜትር በሙሉ ኃይል ሩጪ አላት፣ ሦስተኛው ላይ የጭኗን ጀርባ ያዘች። ስድስት ሳምንት ከሩጫ ውጪ። መቶ ሜትር ማለት 11፣ 12፣ ለጀማሪ 14 ሰከንድ ምናምን ሚፈጅ ነገር ነው፣ ጡንቻ ውስጥ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ምትበቃ ጉልበት አለች፣ እሷ ስታልቅ እስክትሞላ ደቂቃዎች ትፈልጋለች፣ ካልሞላች ሁለተኛው ሩጫችሁ የፍጥነት ልምምድ መሆኑ ቀርቶ የድካም ልምምድ ነው ሚሆነው። ብዙ አሰልጣኞች ሚጠቀሙበት ቀላል ሂሳብ አለ፣ በሙሉ ኃይል ለሮጣችሁት ለእያንዳንዱ 10 ሜትር አንድ ደቂቃ እረፍት። 30 ሜትር ሮጣችሁ? ሦስት ደቂቃ። 60 ሜትር? ስድስት። አዎ፣ ስድስት ደቂቃ ቆማችሁ ወሬ ማውራት ነው ስራችሁ። መንገደኛው "ምነው ደከመሽ እንዴ የኔ ልጅ?" ይላል፣ ይበል።

ቦታውን በተመለከተ። መስቀል አደባባይ ለማሟሟቂያና ለደረጃ ልምምድ አሪፍ ነው፣ ለፍጥነት ግን አይሆንም፣ ሲሚንቶና አስፋልት ላይ በሙሉ ኃይል መሮጥ የቅልጥምን አጥንት ይፈጃል፣ ደግሞ ጠዋት ያለው ሰው ብዛት ታውቁታላችሁ፣ በሙሉ ፍጥነት እየመጣችሁ አንድ አባት ቀስ ባለ ሶምሶማ ከፊታችሁ ቢያቋርጡ ሁለታችሁም አለቀላችሁ። አዲስ አበባ ስታዲየም እድሳት ላይ ከርሟል፣ መግባት ከቻላችሁ ግቡ፣ ካልሆነ አትጠብቁት። እኛ የተገላገልነው ጃን ሜዳ ነው። ከጎላ ታክሲ ይዛችሁ 6 ኪሎ ወርዳችሁ በእግር ትንሽ ነው፣ ሳር አለው፣ ግን ሳሩን አትመኑት፣ ሁሌ ከመሮጣችን በፊት ምንሮጥበትን መስመር በእግራችን ሄደን ጉድጓድና ጠርሙስ ስባሪ እንፈልጋለን፣ አንድ ቀን ሳሩ ውስጥ የተቀበረ የበግ ማሰሪያ ችካል አግኝተናል፣ በዛ ፍጥነት ብትረግጠው ምን ይውጣት ነበር። ለመለኪያ የግንበኛ ሜትር በቂ ነው፣ ባለ 30ው። ምልክት ደግሞ ቆርኪ። በየ10 ሜትሩ አንድ ቆርኪ ትተክላላችሁ፣ አለቀ።

ለዳገት ቸርችል ጎዳናን የሚያክል የለም፣ ከጥቁር አንበሳ አለፍ ብሎ ወደ ፒያሳ ያለው። እሁድ በጠዋት መኪና ሳይበዛ የእግረኛው መንገድ ላይ 20፣ 30 ሜትር ብቻ በሙሉ ኃይል ወደ ላይ፣ ከዛ በእግር ቀስ ብሎ መውረድ። ዳገት ለጀማሪ ጥሩ ሚሆነው ሰውነትን በግድ ወደፊት ስለሚያዘነብለውና ፍጥነቱ ስለማይጋነን የጭን ጀርባን እንደ ሜዳ ስለማይዘው ነው። ቁልቁል ግን በፍጹም አትሩጡ።

እኛ አሁን ምንሰራው በሳምንት ሦስት ቀን ነው። ማክሰኞ ከቆመበት መነሳት፣ 10 ሜትር አራት ጊዜ፣ 20 ሜትር ሦስት ጊዜ፣ 30 ሜትር ሁለት ጊዜ። ሐሙስ ወይ እሁድ ዳገት፣ ስድስት ጊዜ። ቅዳሜ ደግሞ እየጨመሩ መምጣት ምንለው አለ፣ 20 ሜትር ቀስ በቀስ ፍጥነት ትሰበስባላችሁ፣ ከቆርኪው ጀምሮ ያለውን 20 ሜትር ብቻ ሙሉ ፍጥነት፣ አራት ጊዜ። የሙሉ ኃይሉን ደምሩት፣ በቀን 200 ሜትር እንኳን አይሞላም። ከመስቀል አደባባዩ አንድ ሰዓት ጋር አወዳድሩት እስቲ። ከዚ በፊት ግን 25 ደቂቃ ማሟሟቂያ አለ፣ እሱን ምትዘሉ ከሆነ ሌላውን አትጀምሩ፣ ሶምሶማ፣ ጉልበት ማንሳት፣ ተረከዝን መቀመጫ ማስነካት፣ ነጠር ነጠር፣ ከዛ ሁለት ሦስት ግማሽ ኃይል ሩጫ። ጃን ሜዳ ጠዋት ብርዱ አጥንት ይገባል፣ ቱታችሁን እስከ መጨረሻው አታውልቁ።

እዚ ጋ ስለ አየሩ አንድ ነገር። ከተማችን ከባህር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፣ ሳስቶ የሚገኘው አየር ለረጅም ርቀት ሯጭ ፈተና ነው፣ ለመቶ ሜትር ሯጭ ግን ስጦታ ነው፣ ሚገፋት አየር ስለሚቀንስ። ይሄን በደንብ ሚያሳይ ታሪክ አለ፣ እሱም ከሌላ ጀርመናዊት ጋር ሚያያዝ ነው። የምስራቅ ጀርመኗ ማርሊስ ጌር በሰኔ 1983 በርሊን ላይ 10.81 ሮጣ የዓለም ክብረወሰን ሰበረች፣ ወር እንኳን ሳይሞላው አሜሪካዊቷ ኤቭሊን አሽፎርድ ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ምትባል ደጋ ከተማ ላይ 10.79 ሮጣ ወሰደችባት። በዛው ዓመት ሄልሲንኪ ላይ የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና መጣ፣ ሁለቱ ፍጻሜ ላይ ተገናኙ፣ አሽፎርድ መሀል መንገድ ላይ የጭን ጀርባዋን ይዛ ወደቀች፣ ጌር በ10.97 አሸነፈች። የዓለም ፈጣኗ ሴት እንኳን በዚችው ጡንቻ ነው የወደቀችው፣ ስለዚ የኛ ልጅ ስትይዛት እንደ ጉድ ማየት የለብኝም ነበር። በሌላ በኩል አየሩ ሚያስከፍለን ነገር አለ፣ በሩጫዎች መሀል ማገገም ከቆላ ይዘገያል፣ ስለዚ ከላይ ያልኩትን እረፍት ጨምሩ እንጂ አትቀንሱ።

ጌርን ካነሳሁ ግን አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ምስራቅ ጀርመን በዛን ጊዜ መንግስት ራሱ ሚመራው የአበረታች መድኃኒት ፕሮግራም ነበራት፣ ኋላ ላይ ሰነዱ ወጥቷል፣ ለአቅመ ሄዋን ያልደረሱ ልጆች ሳይቀሩ ምን እንደሆነ ሳይነገራቸው ክኒን ይሰጣቸው ነበር። ስለዚ የዛን ዘመን ሰዓት ግድግዳ ላይ ለጥፋችሁ ልጅ አታሯሩጡ። ጂም ውስጥ "ይቺን ብታቀምሳት" ሚል ሰው ካጋጠማችሁ ደግሞ ጂም ቀይሩ፣ ሌላ ንግግር አያስፈልገውም።

ወደ ጊና ልመለስ፣ ምክንያቱም ለኔ ዋናው ትምህርት ያለው እሷ ጋ ነው። ሐም ምትባል ከተማ ነው በ1996 የተወለደችው፣ ዞስት ምትባል ትንሽ ከተማ ነው ያደገችው። በ2017 ለንደን ላይ፣ ገና 20 ዓመቷ፣ የዓለም ሻምፒዮና ማጣሪያ ላይ 10.95 ሮጠች፣ ከ1991 በኋላ ከ11 ሰከንድ በታች የገባች የመጀመሪያዋ ጀርመናዊት ሆነች። ሀገር ምድሩ ተነሳ። ግን ማጣሪያ ነበር፣ ፍጻሜ አልደረሰችም፣ ባዶ እጇን ነው የተመለሰችው። በ2018 በርሊን፣ በሀገሯ ሰው ፊት፣ የአውሮፓ ሻምፒዮና ፍጻሜ 10.98፣ ብር። በ2022 ሙኒክ 10.99፣ ወርቅ።

ቁጥሩን ደግማችሁ እዩት። 10.95 ምንም፣ 10.98 ብር፣ 10.99 ወርቅ። ሰዓቱ እየባሰ ሜዳሊያው እየተሻለ ነው የሄደው! እኔ ይሄን ሳይ ነው ማክሰኞ ማክሰኞ ስቶፕዎች ይዤ ልጅቷን ማስጨነቄን ያቆምኩት። መጀመሪያ ላይ በየልምምዱ ሰዓት እይዝ ነበር፣ ባለፈው 5.1 የነበረው 30 ሜትር ዛሬ 5.2 ሲሆን ፊቷ ይጠቁራል፣ ቀጣዩን እየተወጣጠረች ትሮጣለች፣ አንገቷ ይገተራል፣ ጥርሷን ትነክሳለች፣ 5.3። አሁን ሰዓት ምንይዘው በወር አንዴ ነው፣ በሌላው ቀን ማየው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ አገጯ የላላ ነው ወይስ የተገተረ።

ደግሞ የእጅ ሰዓት ውሸታም ነው። በእጅ የተያዘ የመቶ ሜትር ሰዓት በኤሌክትሮኒክስ ከሚያዘው ጋር ሲወዳደር 0.24 ሰከንድ ሚጨመርበት ለዛ ነው። ሬናተ ሽቴሸር ምትባል ሌላ የምስራቅ ጀርመን ሯጭ በ1972 ሙኒክ ኦሎምፒክ በኤሌክትሮኒክስ 11.07 ሮጣ ነው ወርቅ የወሰደችው፣ በዓመቱ በእጅ ሰዓት 10.8 ተባለላት፣ ግን በኤሌክትሮኒክስ ከ11 በታች የገባች የመጀመሪያዋ ሴት ሚባለው ጌር በ1977 ድሬስደን ላይ 10.88 ስትሮጥ ነው። ስለዚ የሰፈራችሁ ልጅ "12.3 ገባሁ" ሲላችሁ ማን እንደያዘለት ጠይቁት። ከስልክ ስቶፕዎች ይልቅ የስልኩ ስሎው ሞሽን ካሜራ ይሻላል፣ ስልኩን ከጎን በኩል 20ኛው ሜትር ቆርኪ ትይዩ አቁሙት፣ እግር እንዴት እንደሚያርፍ ያሳያችኋል፣ ከሰውነት ፊት ርቆ ሚያርፍ ከሆነ እየረገጠች ፍሬን ነው ምትይዘው ማለት ነው።

አነሳስ ላይ ብዙ ሰው ይደናገራል። ብሎክ (እግር ተደግፎ ሚነሱበት መሳሪያ) የለንም ብላችሁ አትተዉት፣ አንድ ሰው ከኋላ ቁጭ ብሎ ጫማውን ከተረከዛችሁ ጋር አጋጥሞ ከደገፋችሁ ለመጀመሪያው ዓመት ይበቃል። የትኛው እግር ፊት ይሁን? ቀጥ ብላ ትቁም፣ ሳታስበው ከኋላ ቀስ ብላችሁ ግፏት፣ እንዳትወድቅ ቀድማ ምታወጣው እግር መነሻው ላይ የኋላው ይሆናል። የፊቱ እግር ከመስመሩ ሁለት የጫማ ርዝመት ያህል፣ የኋላው ሦስት ያህል፣ ከዛ እንደ ቁመቷ እያስተካከላችሁ። "ሂጂ" ስትባል ቀና እንዳትል፣ ይሄ የሁሉም ሰው በሽታ ነው፣ መጀመሪያ አስር እርምጃ ዓይን መሬት ላይ፣ መሬቱን ወደ ኋላ እየገፉ መሄድ። እኔ በተኩስ ፋንታ እጄን አጨበጭባለሁ፣ አንዳንዴ ከ"ተዘጋጂ" በኋላ አምስት ሰከንድ አቆያታለሁ፣ ቀድማ ከወጣች የዛን ቀን ያቺ ሩጫ ተቃጠለች። ትልቅ ውድድር ላይ ከተኩሱ በኋላ በ0.1 ሰከንድ ውስጥ እንኳን ብትነሳ ቀደመች ተብላ ነው ምትባረረው፣ ሁለተኛ ዕድል የለም፣ ከአሁኑ ትልመደው።

የባትሪውን ነገር ሳልነግራችሁ። ጊና ከውድድር በፊት ባለ 9 ቮልት ድንጋይ በምላሷ ትልስ ነበር! አዎ፣ ያቺ አራት ማዕዘን፣ የማይክ ድንጋይ። ነርቭን ያነቃል ብላ ነው፣ ራሷ በይፋ ተናግራዋለች፣ የጀርመን ጋዜጦችም ተቀባብለውታል። የኛዋ ይሄን እንዳነበበች በነጋታው መርካቶ ሄዳ ገዝታ መጣች። ላሰችው፣ ፊቷ ሎሚ እንደነከሰ ሰው ጭምድድ አለ፣ ሮጠች፣ ያው ነው። ድንጋዩን ለሰፈራችን መዝሙር ቤት ማይክ ሰጠነው። ማለት ምፈልገው፣ ሻምፒዮን ያደረገችውን ሁሉ አትኮርጁ፣ ለዓመታት ከአሰልጣኟ ከኡሊ ኩንስት ጋር የሰራችው መሰረት አለ፣ ኋላ ደግሞ ፍሎሪዳ ክለርሞንት ሄዳ በ2024 ኦሎምፒክ የመቶ ሜትር ወርቅ የወሰደውን አሜሪካዊ ኖህ ላይልስን ሚያሰለጥነው ላንስ ብራውማን ጋ ገባች። እንደ ላይልስ ያለ ፈጣን ሰው አጠገብ በየቀኑ መሮጥ ከድንጋዩ ይበልጣል ባይ ነኝ። እናንተም ብቻችሁን አትሩጡ፣ ከእናንተ ትንሽ ሚፈጥን ፈልጉ፣ የኛዋ ከአንድ የሰፈር ኳስ ተጫዋች ጋር ነው ምትሮጠው፣ 5 ሜትር ቅድሚያ ይሰጣታል፣ እሱም ሴት እንዳትቀድመው ነፍሱ እስክትወጣ ነው ሚሮጠው።

ከተቻለ ደግሞ አራት ልጆች ሰብስቡና ዱላ ቅብብል ጀምሩ። ጊና በግሏ ኦሎምፒክ ላይ ሜዳሊያ የላትም፣ በ2024 ፓሪስ ግን በዝናብ ከአሌክሳንድራ ቡርግሃርት፣ ከሊዛ ማየርና ከሬቤካ ሃዘ ጋር 41.97 ሮጠው ነሐስ ወሰዱ፣ እሷ ሦስተኛዋ ነበረች፣ ኩርባው ላይ። ከነዚ ውስጥ ቡርግሃርት ደግሞ ጉድ ናት፣ በየካቲት 2022 ቤጂንግ የክረምት ኦሎምፒክ ላይ በበረዶ ላይ በሚንሸራተተው ቦብስሌይ ሁለተኛ ሆና ብር ወስዳለች፣ ምክንያቱም እዛም ቢሆን መጀመሪያ ላይ ሚፈለገው ገፍቶ ሚሮጥ ሰው ነው። ዱላችን የተቆረጠ የመጥረጊያ እንጨት ነው፣ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል። መቀባበያው ክልል 30 ሜትር ነው፣ በቆርኪ ለዩት። ከዛ ተቀባይዋ ከቆመችበት ወደ ኋላ 15 ጫማ ያህል ቆጥራችሁ አንድ ቆርኪ ጣሉ፣ ሰጪዋ እሷን ስትረግጥ ተቀባይዋ ዞር ሳትል መብረር ነው፣ ሰጪዋ "ያዢ!" ስትል እጅ ወደ ኋላ። ካልደረሰችባት ቆርኪውን አቅርቡ፣ ከተጋጩ አርቁ። ዱላ ለመፈለግ አንገት ሚያዞር ሰው ካለ እዛው አስቁሙ። እመኑኝ፣ ልጆቹ ከሁሉም ሚወዱት ይሄንን ነው፣ ብቻዋን ስትሮጥ ምትሰለች ልጅ ዱላ ስትይዝ ሌላ ሰው ነው ምትሆነው።

ምግብ ላይ ብዙ አላወራም፣ በባዶ ሆድ ግን አትውጡ፣ ከመሮጥ አንድ ሰዓት ተኩል በፊት በሶ በማር ይበቃል፣ በጾም ጊዜ ሽሮና ምስሩን ጨመር፣ ለውዝ በኪስ።

የጭን ጀርባ ከተያዘ እዛው ላይ አቁሙ፣ "ትንሽ ሮጣ ትፍታታው" ሚለውን አትስሙ። በረዶ በጨርቅ፣ ማረፍ። የኛን ልጅ እናቷ በዛው ማታ ወጌሻ ጋ ወስዳ አሳሸቻት፣ በነጋታው እግሯ አብጦ ጠቁሮ አየነው፣ ገና የተቀደደ ጡንቻ ሲታሽ ይበልጥ ይደማል። ከቀናት በኋላ ሳያማት መራመድ፣ ከዛ ሶምሶማ፣ ሙሉ ፍጥነት መጨረሻ ላይ። እግሯ ካበጠ ወይ መርገጥ ካቃታት ሀኪም።

ጫማም ሚጠይቁ አሉ። ለመጀመሪያዎቹ ወራት ሚስማር ጫማ አያስፈልግም፣ ቀላል ስኒከር ይበቃል። ኋላ ስትገዙ የመቶ ሜትሩ ተረከዙ ስስ፣ ፊቱ ጠንካራ ነው፣ መርካቶ "የሩጫ ነው" ብለው ሚሸጡላችሁ ብዙው የረጅም ርቀት ስለሆነ እጥፍ እያደረጋችሁ ሞክሩት፣ እንደ ጨርቅ ከታጠፈ አትግዙ። የጊናን ጉልበት አስታውሱና ልጅቷ ሚስማሩን ከለመደችው በኋላ ብቻ ደረት መወርወር አስተምሯት።

እኛ አሁን ክረምት ገብቶብናል፣ ጃን ሜዳ ጭቃ ነው፣ ስለዚ ማክሰኞና ቅዳሜን ወደ ኮንዶሚኒየማችን ደረጃ አዙረነዋል፣ ሁለት ሁለት እየዘለሉ አንድ ፎቅ፣ ሦስት ደቂቃ እረፍት፣ ስምንት ጊዜ። ሦስተኛ ፎቅ ያሉት እትዬ መጀመሪያ ተቆጥተው ነበር፣ አሁን በራቸውን ከፍተው ይቆጥሩላታል።